ቨርቲካል ፋርሚንግ ምንድን ነው? ጠፍጣፋውስ ምን አጠፋ?

ቨርቲካል ፋርሚንግ አትክልትን ቤት ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ አነባብሮ በመብራት ማብቀል ነው። አንዳንዱ ደግሞ እንደ ግድግዳ በቆመ ማማ ላይ ይተክላል። ጠፍጣፋው ያው የምናውቀው ነው፦ አንድ ረድፍ ተክል ከታች፣ መብራት ከላይ። ወደ ላይ የማብቀሉን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቁት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዲክሰን ዴስፖሚየር ናቸው፤ ከተማሪዎቻቸው ጋር የጀመሩት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው።

አምስት ደርብ ካለህ አምስት እጥፍ ታመርታለህ ይባላል። የወለሉን ስፋት ብቻ ካየን እውነት ነው። ግን ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ የለችም! እያንዳንዱ ደርብ የራሱን መብራት ይፈልጋል። 1 ካሬ ሜትር ሰላጣ በጥሩ ኤልኢዲ በቀን 16 ሰዓት ቢበራለት 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። አምስት ደርብ ከሆነ አምስት። ለአንድ ኪሎ ሰላጣ የሚከፈለው የመብራት ሂሳብ ደርብ ስለተጨመረ አይቀንስም። የሚተርፈው ቦታ ነው።

ከመብራቱ የባሰው ጣጣ አየሩ ነው። መብራቱ የሚበላው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው፤ ቅጠሎቹም እርጥበት ያወጣሉ። ጠፍጣፋው ላይ ሙቀቱ ወደ ጣሪያ ይወጣና አንድ ቬንትሌተር ይበቃው ይሆናል። የተነባበረው ላይ ግን የታችኛው ደርብ መብራት የላይኛውን ሥር ያሞቃል፣ መሃሉም ይታፈናል። አየር ካልተንቀሳቀሰ ካልሲየም እስከ ለጋው ቅጠል ጫፍ አይደርስም፤ ሰላጣው ጠርዝ ጠርዙን ቡናማ ሆኖ ይቃጠላል። ብዙ ሰው ያኔ ማዳበሪያ ይጨምራል። የጎደለው ግን ነፋስ ነው።

በድሮው የሶዲየም አምፖል ጊዜ ተክልን በዙሪያው ማቆም ሌላም ጥቅም ነበረው፤ አምፖሉ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚያበራ ብርሃኑ አይባክንም። ኤልኢዲ ወደ አንድ ወገን ስለሚያበራ ያ ጥቅም ቀርቷል።

ለደርብ የሚሆነው አጭርና ቶሎ የሚደርስ ነው፦ ሰላጣ፣ በሶብላ፣ ችግኝ። በ2022 ዱባይ ላይ የተከፈተው ግዙፉ የቤት ውስጥ እርሻ ቡስታኒካም የተነሳው በቅጠላ ቅጠል ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ቁመትም ብርሃንም ስለሚፈልጉ ጠፍጣፋው ይሻላቸዋል። ችግሩ ቅጠላ ቅጠል ርካሽ ነው፤ ፀሐይን በነፃ ከሚያገኘው ገበሬ ጋር መፎካከር አለ። አሜሪካ ውስጥ ከእነዚህ የደርብ እርሻ ኩባንያዎች ኤሮፋርምስ በ2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ ባወሪ ደግሞ በ2024 ተዘጋ።

እቤት መሞከር ካማራችሁና ባዶ ክፍል ካላችሁ በጠፍጣፋው ጀምሩ። ያላችሁ አንድ ጥግ ብቻ ከሆነ፣ በመካከላቸው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያላቸው ሁለት ደርቦች ይበቃሉ። ሦስተኛውን ከመጨመራችሁ በፊት ቬንትሌተር ግዙ።