ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ፦ 40 ኪሎባይት ውስጥ የተደበቁ ነገሮች

ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1985 ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ለተባለው የቤት ጌም መጫወቻው ያወጣው ጌም ነው። ንድፉ የሺገሩ ሚያሞቶና የታካሺ ተዙካ፣ ሙዚቃው የኮጂ ኮንዶ ነው። 8 ወርልድ አለው፤ እያንዳንዱ 4 ስቴጅ። ሁሉም የገባው 40 ኪሎባይት ውስጥ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ይህን ብዙ ጊዜ እጥፍ ትሆናለች።

አብዛኛው ጉድ የመጣው ከዚህ ጥበት ነው። ሰማይ ላይ ያለው ደመናና መሬት ላይ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቀለማቸው ብቻ ተለውጧል። ስቴጆችም ይደገማሉ። 5-3 (ወርልድ 5፣ ስቴጅ 3) ያው 1-3 ነው፤ ጥይት ተጨምሮበት ከብዷል። ስንፍና ነው የሚሉ አሉ። ሙያ ነው እንጂ!

ከሁሉም ስመ ጥሩው «ማይነስ ወርልድ» ነው። 1-2 መጨረሻ ላይ ካለው መውጫ ቧንቧ በላይ ያሉት ጡቦች አንዱ ሲቀር ይሰበራሉ። ከዚያ ማሪዮ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወደ ቀኝ ይዘላል። ከተሳካ ግድግዳውን ሰንጥቆ ያልፋል። መቼም በመጀመሪያው ሙከራ የሚሳካለት የለም። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ሦስት ቧንቧዎች ወደ ወርልድ 4፣ 3 እና 2 በአቋራጭ የሚወስዱ ናቸው። የአቋራጩ የእንኳን ደህና መጣህ ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ሳይመጣ የመጀመሪያው ውስጥ ከተገባ ግን ጌሙ 4-2 ላይ ላለው ሌላ አቋራጭ የተያዙትን የቧንቧ ቁጥሮች ያነባል። እዚያ የመካከለኛው ቧንቧ ቁጥር 5 ሲሆን ግራና ቀኙ ባዶ ናቸው። ባዶ ቦታ በጌሙ የሥዕል ሠንጠረዥ ቁጥሩ 36 ነው። ስለዚህ ማሪዮ ወርልድ 36 ይገባል። 36 ስክሪኑ ላይ ሲጻፍ ተመልሶ ባዶ ቦታ ይሆንና «-1» ብቻ ይታያል። ማይነስ የለም፤ ሰረዝ ናት። ቦታው ከ7-2 ጋር አንድ የሆነ የውኃ ስቴጅ ነው። የመጨረሻው ቧንቧ ወደ መነሻው ይመልሳል፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ መዋኘት ነው። በጃፓን በዲስክ የወጣው ቅጂ ግን ሦስት ስቴጅ አለው፤ ያልቃልም። ሆን ተብሎ የተደበቀ ነው የሚሉ አልጠፉም፤ አሠራሩን ላየ ግን ስህተት ነው።

3-1 መጨረሻ ደረጃው ላይ የዔሊዋን ቅርፊት እየረገጡ ሕይወት መሰብሰብ ይቻላል። ስግብግብነት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቁጥሩ 127ን አለፍ ሲል ጌሙ ከዜሮ በታች አድርጎ ያነበውና፣ ማሪዮ አንዴ እንደሞተ ጨዋታው ያበቃል።

ባውዘር የጌሙ ዋና ጠላት ነው፤ ከወርልድ 1 እስከ 7 ያሉት ባውዘሮች ግን የውሸት ናቸው። በአምስት እሳት ሲመቱ ማንነታቸው ይወጣል፤ የመጀመሪያው ጉምባ የሚባለው የጌሙ ተራ ጠላት ነው። ስቴጅ ሲያልቅ የሚተኮሰው ርችትም በዕድል አይደለም፤ ባንዲራው ሲነካ የሰዓቱ የመጨረሻ አሃዝ 1፣ 3 ወይም 6 ከሆነ በዚያው ቁጥር ይተኮሳል። ሕይወት አልቆ ሲመለሱ ደግሞ የኤ (A) ቁልፍን ተጭኖ ስታርትን መንካት ከሞቱበት ወርልድ ያስጀምራል።