ተርኪ ከቱርክ አልመጣም

አሜሪካ ያሉ ሐበሾች በታንክስጊቪንግ (የምስጋና በዓል) ተርኪውን፣ ያንን ትልቅ የዶሮ ዘመድ፣ ኦቨን ውስጥ ይከቱታል፤ በርበሬና ቅቤ ጨምሮ ወጥ የሚያደርገውም አለ። በእንግሊዝኛ ወፉም ቱርክ አገርም «ተርኪ» ነው የሚባሉት፤ ስለ ወፉና ስለ ስሙ የሚወራው ግን አብዛኛው ልክ አይደለም።

«ከቱርክ ስለመጣ ነው ተርኪ የተባለው።» ኧረ በጭራሽ! የተርኪ አገሩ አሜሪካ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲረባ ኖሮ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔኖች ወደ አውሮፓ ወሰዱት። ጥፋቱ የመጣው በጅግራ በኩል ነው። አዎ፣ እኛ ቆላ ውስጥ በመንጋ የምትሮጠው፣ ግራጫ ላባዋ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተዘራባት ጅግራ። እንግሊዞች እሷን ከቱርክ ግዛት ጋር በሚነግዱ ሰዎች በኩል ስላወቋት «የቱርክ ዶሮ» አሏት። አሜሪካዊው ወፍ ሲመጣ ሁለቱን አምታቱ። በመጨረሻ ስሙን እንግዳው ወሰደ፣ ጅግራዋ ደግሞ «የጊኒ ዶሮ» ሆና ቀረች። የእንስሳትና የዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም አውጪው ሊኔየስ እንኳን በ1758 ለተርኪ የሰጠው ሳይንሳዊ ስም ሜሊያግሪስ ነው፤ በግሪክኛ ጅግራ ማለት ነው!

«ቱርክ አገሪቱ በወፉ ተሰየመች» የሚለው ደግሞ ቀልድ ነው። ስሟ ከሕዝቡ ነው፤ ከኮሎምበስ በፊት በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ነበረ። ከ2022 ወዲህ በተባበሩት መንግሥታት የምትጠራው ቱርኪዬ ተብላ ነው።

«ቱርኮችስ ተርኪ ይሉታል አይደል?» አይሉም። «ሂንዲ» ነው የሚሉት፣ ህንዳዊ እንደማለት። ፈረንሳዮችም ስሙን ከህንድ ወስደውታል፤ ኮሎምበስ የደረሰበትን ምድር ህንድ ነው ብሎ ነበርና። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ሆዱ» ሲባል ይሰማሉ፤ በዕብራይስጥ ህንድም ተርኪም ነው (ለአማርኛ ጆሮ ምግብ ላይ ሲሰሙት ያስቃል)። ፖርቹጋሎች ፔሩ አሉት። እሱም ስህተት።

«ቃሉ ስድብ ነው» ለሚሉ፦ ለከሰረ ፊልምና ለሞኝ ሰው ይባላል፣ እውነት ነው። ቦውሊንግ (ኳስ አንከባለው የቆሙ እንጨቶችን የሚጥሉበት ጨዋታ) ላይ ግን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሁሉንም መጣል ተርኪ ነው፤ እዚያ ይጨበጨብበታል።

የመጨረሻው፣ «ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ተርኪ የአሜሪካ ብሔራዊ ወፍ ይሁን ብሎ ነበር»። አላለም። በ1784 ለሴት ልጁ በጻፈው ደብዳቤ የአንድ የመኮንኖች ማኅበር ዓርማ ላይ ያለው ንስር ተርኪ ይመስላል ስለተባለ ቀለደ፤ ንስርን ባለጌ፣ ተርኪን የተከበረ አደረገው። ለአገሪቱ ማኅተም በ1776 ያቀረበው ሐሳብ ወፍም የለበት፦ ሙሴ ባሕሩን ሲያሻግር፣ ፈርዖን ሲሰጥም።