በጎጃም ተይዞ መታሰር፦ ከጣቢያ በር እስከ ዋስ

በጎጃም በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው መጀመሪያ የሚገባው የወረዳው ወይም የከተማው ፖሊስ በሚጠብቀው ማረፊያ ቤት ነው፤ ሕዝቡ ባጭሩ «ጣቢያ» ይለዋል። ማረሚያ ቤት ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ዋስትና ተከልክለው ክሳቸውን የሚከታተሉና የተፈረደባቸው ሰዎች የሚቆዩበት፣ በክልሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ሥር ያለ ተቋም ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር አላቸው። በመንደር ወሬ ግን ሁለቱም «እስር ቤት» ናቸው፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ሁለቱንም ወህኒ ወይም ከርቸሌ ይሏቸዋል። ልዩነቱን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል፤ ልጁ ታሰረ የተባለ አባት ስንቁን ተሸክሞ ማረሚያ ቤት በር ላይ ግማሽ ቀን ሲቆም፣ ልጁ ከከተማው ወዲያ ማዶ ጣቢያ ውስጥ ጠያቂ አጥቶ ይውላል።

ፖሊስም ጣቢያም ሳይኖር ሰው የሚያዘው በቃል ነበር። ተበደልሁ ያለ ሰው በዳዩን «በሕግ አምላክ!» ካለው ሁለቱም ባሉበት ይቆሙና ከአላፊ አግዳሚው አንዱን ዳኛ አድርገው ነገራቸውን ያሰማሉ፤ የመንገዱ ዳኛ ያልቋጨውን ጉዳይ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያም ወደ ገዥው ችሎት ይዘውት ይሄዳሉ። በዚህ መካከል ተከሳሹ ዋስ ከጠራ እጁ ነጻ ሆኖ ይጓዛል፤ ዋስ ያጣ እንደሆነ ግን ከከሳሹ ጋር ይቆራኛል። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ነገሩ ቀላል ሲሆን የሁለቱ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ሲከብድ ደግሞ የአንዱ እጅ ከሌላው እጅ ጋር በሰንሰለት ይያያዛል፤ ከሳሽና ተከሳሽም ፍርድ እስኪያገኙ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ጎን ለጎን ያድራሉ። ልብ ሊባል የሚገባው በዚህ ሥርዓት ከሳሹም ከታሳሪው እኩል ታስሮ መዋሉ ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮ የሚያራዝም ከሳሽ በገዛ እጁ ላይ ያራዝማል። የዛሬውን የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን ለመጨረስ ከፍርድ ቤት የሚጠይቀውን ተጨማሪ ጊዜ ያየ ሰው ቁራኛን ባይመኘውም እንኳ ብልሃቱን ሳያደንቅ አያልፍም።

በዚያ ዘመን ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ አገሬው በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰብና አጥፊው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ይቀመጣል። እርሻ ፈትቶ፣ ከብቱን ለልጅ ትቶ የመጣው ሁሉ ያው የጋራ እስረኛ ነው፤ አጥፊው ሳይወጣ ከቀረም ጉዳቱን በጋራ ይከፍላል። በሙግት አዋቂነቱ የሚታወቀው የጎጃም ገበሬ ዛሬም በፖሊስ ፊት ቃሉን መርጦ መናገሩ ከዚህ ዓይነቱ ልምድ የመነጨ ሳይሆን አይቀርም።

ጎጃም እስርን በባለሥልጣናቱም በኩል ያውቀዋል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ቆስለው በንጉሥ ምኒልክ እጅ ወድቀው ነበር። ልጃቸው ራስ ኃይሉ ደግሞ ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው በ1924 ዓ.ም. የሞት ፍርድ ከተፈረደባቸው በኋላ፣ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦላቸው፣ ሀብታቸው ተወርሶ ታሰሩ። ለአምስት ዓመት ጣልያንን በጎጃም በረሃ ያርበደበደው ጀግናው በላይ ዘለቀም ከነጻነት በኋላ ተከስሶ አዲስ አበባ ታሰረ፤ ከእስር አምልጦ እንደገና ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ይህ ፍርድ ተገቢ ነበር የሚሉ አሉ፤ በጎጃም ግን ይህን የሚል ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ዘመናዊው አሠራር የመጣው ከዚያው ጊዜ ወዲህ ነው። የእስር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 45 በ1936 ዓ.ም. ወጣ፤ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ተከተለው። በደርግ ዘመን ቀበሌዎች ሳይቀሩ የራሳቸው እስር ቤት ነበራቸው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ከአንቀጽ 17 እስከ 21 ያሉትን ድንጋጌዎች ለዚሁ ጉዳይ ሰጥቷል።

ሕገ መንግሥቱና የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ፖሊስ ሰውን የሚይዘው ከፍርድ ቤት በተሰጠ የመያዣ ትእዛዝ ነው፤ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰውና በሕግ የተዘረዘሩ ሌሎች ሁኔታዎች ሲያጋጥሙ ግን ያለ ትእዛዝ ሊይዝ ይችላል። ቀላል በሆነ ጉዳይ አስቀድሞ መጥሪያ መላክ የተለመደ ሲሆን፣ መጥሪያ ደርሶት የቀረበ ሰው ቃሉን ሰጥቶ፣ በመታወቂያ ዋስ ወይም በሌላ ዋስ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት ወዲያውኑ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊያውቅ ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። በዚህ ቁጥር ውስጥ ታሳሪውን ወደ ፍርድ ቤት ለማድረስ በግምት የሚያስፈልገው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም፤ በጎጃም ደግሞ ጉዞው ቀላል አይደለም። ከአባይ ቆላ ወይም ከጮቄ ግርጌ የተያዘ ሰው ሚሊሻ አጅቦት በእግር አስፋልት ድረስ ወጥቶ፣ መኪና ጠብቆ ነው ወረዳ ከተማ የሚገባው። ይሁንና ቅዳሜና እሑድ ከ48 ሰዓቱ ላይ እንዲቀነስ የሚፈቅድ ቃል በሕጉ የለም። «ዓርብ የተያዘ ሰኞ ይቀርባል» የሚለው አሠራር የልማድ እንጂ የሕግ መሠረት የለውም።

ጣቢያ ሲገባ ተረኛው ፖሊስ ስሙን፣ የተያዘበትን ሰዓትና የያዘውን ንብረት በመዝገብ ያሰፍራል። ቀበቶ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ ስልክና ገንዘብ ይወሰዳሉ። የሚወሰደው ዕቃ ሁሉ በዝርዝር እንዲጻፍ ማሳሰብ አይከፋም፤ የብር ኖቶችንም ቆጥሮ ማስረከብ በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል። ቀጥሎ መርማሪው ቃል ይቀበላል። ቃሉ በመርማሪው እጅ ተጽፎ ከተነበበ በኋላ ይፈረማል፤ ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራ ያጸድቃል። ያላለው ነገር ተጽፎ ካገኘ ወይም የተናገረው ከቀረ ሳይስተካከል መፈረም የለበትም። ታሳሪን በዛቻ፣ በድብደባ ወይም በተስፋ ቃል ማናዘዝ የተከለከለ ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ይህን የሚፈጽም ባለሥልጣንን ይቀጣል። በመሠረቱ የጎጃም መርማሪዎች አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚያውቁና ታጋሽ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሌሊት በጨለማ ተጠርቶ ቃል ስጥ የተባለ ሰው ግን በዚህ ላይ ላይስማማ ይችላል።

የማረፊያ ቤቱ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትንሽ መስኮት ያለው፣ የሲሚንቶ ወለል ያለው ቤት ነው። አልጋ የለም፤ ታሳሪዎች የሚተኙት ከቤት በመጣ ፍራሽ፣ ሰሌን ወይም ብርድ ልብስ ላይ ሲሆን፣ ደጋ ላይ በሚገኙት እንደ ደብረ ማርቆስና ሞጣ ባሉ ከተሞች የመጀመሪያዋን ሌሊት ከባድ የሚያደርጋት ረኀቡ ሳይሆን ብርዱ ነው። ከታሳሪዎቹ አንዱ ካቦ ይሆናል፤ የመኝታ ቦታ የሚያሳየው፣ የጽዳት ተራ የሚያወጣውና ጠብ የሚያበርደው እርሱ ነው። አዲስ ገቢ «የሻማ» እየተባለ ጥቂት ገንዘብ የሚጠየቅበት የቆየ ልማድ አለ፤ ማንም ግን በሕግ ሊያስገድደው አይችልም። ሴቶች ከወንዶች፣ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው ሊያዙ ይገባል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም የሚዳኘው በተለየ ሥርዓት ነው። በትንንሽ ወረዳዎች የተለየ ክፍል ስለማይገኝ ሴት ታሳሪዎች በፖሊስ ቢሮ ወይም በጓዳ የሚያድሩበት ጊዜ አለ።

ማረሚያ ቤት የመንግሥት ቀለብ አለው፤ ጣቢያ ግን በአብዛኛው የሚኖረው በስንቅ ነው። በጠዋትና በማታ ከጣቢያው በር ላይ ነጠላ ያጣፉ እናቶችና ትምህርት ቤት ያልሄዱ ታናናሽ ወንድሞች በአገልግልና በምሳ ዕቃ ተሰልፈው ይታያሉ፤ በክዳኑ ላይ የታሳሪው ስም በፕላስተር ተጽፎ ተለጥፏል። ተራ ሲደርስ ፖሊሱ ክዳኑን ይከፍትና እንጀራውን በማንኪያ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ከዚያም «እናቴ፣ እስኪ ይቅመሱት» ይላል። እናትየው ከዳር ቆርሰው፣ ከሽሮው ጠቅሰው ይጎርሳሉ። የጾም ቀን ሆኖ ገና ያልተቀደሰበት ሰዓት ከሆነ አብሯቸው የመጣው ልጅ ይቀምስላቸዋል። ጠያቂ የሌለው ታሳሪ፣ በተለይ ከሩቅ አገር ለቀን ሥራ መጥቶ የተያዘ ሰው፣ ከሌሎቹ ስንቅ ይካፈላል፤ በጎጃም ማረፊያ ቤቶች ለብቻ መብላት እንደ ነውር ይቆጠራል። ሕገ መንግሥቱ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ወዳጅ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ታሳሪውን እንዲጎበኙ ስለሚፈቅድ፣ የነፍስ አባትን ይዞ መሄድ ልመና ሳይሆን መብት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ታሳሪ ካለ የሐኪሙን ወረቀት ከመድኃኒቱ ጋር አያይዞ ማስገባት ይጠቅማል።

ፍርድ ቤት በቀረበበት ቀን ፖሊስ ብዙውን ጊዜ «ምርመራዬን አልጨረስሁም» ብሎ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 መሠረት አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን መብለጥ የለበትም፤ ሕጉ ግን ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል አልወሰነም። ብዙ ታሳሪ የሚንገላታው በዚች ክፍተት ነው። ስለዚህ በችሎት ላይ ዝም ብሎ መቆም አይበጅም። ፖሊስ ባለፈው ቀጠሮ ምን ሠራ? የቀረው ሥራ ምንድን ነው? ይህ ሥራ ታሳሪው በዋስ ወጥቶ ሳለ ሊሠራ አይችልም ወይ? ዳኛው እነዚህን እንዲመረምሩ ታሳሪውም ሊያመለክት ይችላል። የወረዳ ዳኞች ከፖሊስ ጥያቄ ላይ ቀናት ሲቀንሱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ 14 ተጠይቆ 5 ወይም 7 ይፈቀዳል። በከባድ የሰው ግድያና በከባድ ውንብድና ጉዳይ የወረዳው ፍርድ ቤት ቀዳሚ ምርመራ፣ ማለትም ከዋናው ክርክር በፊት የሚመዘገበውን የዓቃቤ ሕግ ምስክሮች ቃል ሰምቶ ተከሳሹን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይልካል።

ግድያን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በድንበር ወይም በመጠጥ ጠብ ሰው የገደለ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ መጥቶ ለፖሊስ እጁን ይሰጣል፤ ከደመኛ ይልቅ ጣቢያው ይሻለዋልና። ሽማግሌዎችና ቀሳውስት የሚያደርጉት እርቅ የመንግሥትን ክስ አያስቀርም፤ የታሳሪው ቤተሰብ ስንቅ ይዞ በሟች ወገን ደጅ ማለፍ የሚችለው ግን ከዚህ እርቅ በኋላ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጡ እንደ ስድብና ቀላል ድብደባ ባሉ ጉዳዮች ግን እርቁ ራሱ መዝገቡን ሊያዘጋ ይችላል።

ዋስትና መብት ነው፤ ክልከላው የተለየ ሁኔታ ነው። ፍርድ ቤት ዋስትናን የሚነፍገው የተጠረጠረበት ወንጀል በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሆኖ የተጎዳው ሰው ሲሞት ወይም ሊሞት የሚችል ሲሆን፣ ወይም ታሳሪው አይቀርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ተብሎ ሲታመን ነው፤ በሌሎች ልዩ ሕጎች የተከለከሉ ወንጀሎችም አሉ። የተከለከለ ሰው በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። ከተሜው በደመወዝ ዋስ ይወጣል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ያመጣለታል። ገበሬው ደመወዝ ስለሌለው በሬ ወይም ጤፍ ገበያ አውጥቶ ጥሬ ገንዘብ ያስይዛል፤ ስለዚህ በእርሻ ወቅት የተጠየቀ 5,000 ብር ከመኸር በኋላ ከተጠየቀው እጥፍ ይከብዳል። ገንዘቡ ሲበዛበት እንዲቀነስለት ማመልከት ይችላል።

ጠበቃ መግዛት ለማይችል ተከሳሽ፣ ፍትሕ ሊጓደል የሚችልበት ጉዳይ ሲሆን መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም በነጻ የሕግ ምክር ይሰጣሉ፤ ማመልከቻ በመጻፍ ብቻ እንኳ ብዙ ሰው ከከንቱ እንግልት አድነዋል። ፖሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ ያላቀረበው ሰው ቤተሰብ አካልን ነጻ ለማውጣት አቤቱታ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማመልከትም ይቻላል።

ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን ሁሉ ለውጦት ነበር። አዋጁ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝን የፈቀደ ሲሆን፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ 4 ወራት ተራዝሟል። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰዎች መደበኛ ባልሆኑ ማቆያዎች መያዛቸውን ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑ ደጋግሞ ያስታወቀ ሲሆን፣ መንግሥት በበኩሉ እርምጃው ለጸጥታ ሲባል የተወሰደ መሆኑን ገልጿል። ግጭቱ በበረታባቸው ወረዳዎች የፍርድ ቤቶች ሥራ ስለተስተጓጎለ፣ እዚህ የተጻፈው ሥርዓት በየቦታውና በየጊዜው እኩል ይሠራ ነበር ማለት አይቻልም።

ዋስትናው ሲፈቀድ ፍርድ ቤቱ የመፍቻ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ትእዛዙ ጣቢያ እስኪደርስ ድረስ ታሳሪው አይወጣም። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የተፈቀደለት ሰው ቤተሰብ ደብዳቤውን ራሱ ተከታትሎ ቢያደርስ ያን ሌሊት ከማደር ያድነዋል። ሲወጣ ቀበቶውንና ስልኩን በመዝገቡ መሠረት ተረክቦ ይፈርማል። ገንዘብ ያስያዘ ሰው የተቀበለውን ደረሰኝ ከነዋናው ማስቀመጥ አለበት፤ መዝገቡ ሲዘጋ ገንዘቡ የሚመለሰው በዚያው ደረሰኝ ነው፤ ክረምት ላይ ጣሪያ ሥር የተሰካ ወረቀት ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል።