ራውተሩን መንካት ያስፈራል? ስለ ቤት ዋይፋይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በብዙ ቤት ራውተሩ ባለሙያው በገጠመበት ጥግ፣ ባለሙያው በሞላው ፓስወርድ ዓመታት ይቆያል። ፓስወርዱን ልጆች ለጎረቤት ልጆች፣ እነሱም ለጓደኞቻቸው ያቀባብሉታል። ችግር ሲመጣ ደግሞ ከየአቅጣጫው ምክር ይጎርፋል፤ ከምክሩ ብዙው ትክክል አይደለም። በተለይ ስለ ደኅንነት የሚነገረው አድካሚ ሆኖ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ቤቱን በእውነት የሚጠብቁት ሁለት ቀላል ሥራዎች፣ ማለትም ወደ ራውተሩ ሴቲንግ የሚያስገባውን ፓስወርድ መቀየርና ለዋይፋዩ ጠንካራ ፓስወርድ ማውጣት፣ ግን ሳይሠሩ ይቀራሉ።

«ሴቲንጉን ከነካሁት መስመሩ ይጠፋል»

ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ግን ከልክ አልፏል። ራውተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴቲንግ አለ። አንደኛው «ዋን» በሚለው ክፍል ሥር ያለው፣ ራውተሩ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የሚገናኝበት ነው። በተለይ በስልክ መስመር በሚገባ ኢንተርኔት ላይ ከድርጅቱ የተሰጠ የተጠቃሚ ስምና ፓስወርድ እዚያ ተሞልቷል፤ እሱን ካጠፉት በእርግጥም መስመሩ ይቋረጣል። ሁለተኛው «ደብልዩላን» ወይም «ዋየርለስ» የሚለው ነው። እዚህ የዋይፋዩን ስም ወይም ፓስወርድ ቢቀይሩ ስልኮቹ ይቋረጡና አዲሱን ፓስወርድ ይጠይቃሉ፤ ሌላ የሚመጣ ጣጣ የለም።

ይልቅ መፈራት ያለባት ከራውተሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ የሪሴት ቀዳዳ ናት። ኢንተርኔቱ እምቢ ባለ ቁጥር በእስክሪብቶ ጫፍ የሚጫኗት ሰዎች አሉ። ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ምንም አይጎዳም፤ ሪሴት ግን ከድርጅቱ የተሰጠውን ጨምሮ የተሞላውን ሁሉ ይደመስሳል።

ወደ ሴቲንጉ ለመግባት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ስልክዎን ከዋይፋዩ ጋር ያገናኙ፣ የሞባይል ዳታውን ያጥፉ፣ ከዚያ ራውተሩ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ ብራውዘር ላይ ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ምንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ገጹን ስክሪንሾት አንስተው ያስቀምጡ። ቢሳሳቱ መመለሻዎ እሱ ነው።

«የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሬያለሁ፤ በቃ ተቆልፏል»

ፓስወርዱ ሁለት ነው። አንዱ ከዋይፋዩ ጋር ለመገናኘት፣ ሌላው ወደ ራውተሩ ሴቲንግ ለመግባት። ሁለተኛው በብዙ ቤት ከፋብሪካ እንደመጣ ነው፤ በድሮዎቹ ራውተሮች ላይ ስሙም ፓስወርዱም «አድሚን» የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ማለት ቤትዎ መጥቶ ዋይፋይ የጠየቀ ማንኛውም እንግዳ፣ ከፈለገ የራውተሩ ባለቤት መሆን ይችላል ማለት ነው። ፓስወርዱን ቢቀይርብዎት ቶሎ ያውቁታል። የሚያሳስበው ሳያውቁት የሚቀረው ነው፤ «ዲኤንኤስ» የሚባለውን፣ የጻፉት የድረ ገጽ ስም የት እንደሚገኝ ለስልክዎ የሚነግረውን አገልግሎት አድራሻ ቀይሮ፣ ትክክለኛውን ድረ ገጽ ጽፈው እየገቡ ወደ ተጭበረበረ ገጽ እንዲወሰዱ ሊያደርግ ይችላል። የአድሚን ፓስወርዱን ዛሬውኑ ይቀይሩና ጽፈው ሌላ ሰው የማያይበት ቦታ ያስቀምጡ።

«ስሙን ደብቄዋለሁ፤ ማን ያገኘዋል?»

የዋይፋይን ስም መደበቅ በሩን ሳይቆልፉ የቤት ቁጥሩን እንደ መንቀል ነው። የእርስዎ ስልክ ሲገናኝ ስሙን በግልጽ በአየር ላይ ይልከዋል፤ በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ያለው ሰው ያነበዋል። ይባስ ብሎ ስልክዎ የተደበቀውን ስም ስለሚያስታውስ፣ ካፌም ታክሲም ውስጥ «አለህ ወይ?» እያለ ሊጠራው ይችላል።

የተመረጡ ስልኮች ብቻ እንዲገቡ በማክ አድራሻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ስልክ በዋይፋይ ላይ በሚታወቅበት መለያ ቁጥር፣ ማጣራትም ከዚህ አይሻልም። ማክ አድራሻ ሳይመሰጠር በአየር ላይ ስለሚሄድ ሌላ ሰው አይቶ የራሱ ማድረግ ይችላል። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ደግሞ ስልኮች በእውነተኛው ፋንታ የፈጠሩትን ማክ አድራሻ ስለሚጠቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ውጭ የሚቀረው የቤቱ ሰው ነው።

«የስልክ ቁጥሬ አሥር አሃዝ ነው፤ ጠንካራ ፓስወርድ ነው»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም የስልክ ቁጥሩን የዋይፋይ ፓስወርድ ያደረገ ሰው እጅግ ብዙ ነው። የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ይጀምራል። ስለዚህ ለመገመት የሚቀሩት ስምንት አሃዞች ብቻ ናቸው፤ በአንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው። ለሰው ብዙ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ኢምንት ነው። አጥቂው ደጃፍዎ ላይ ቆሞ አይሞክርም። አንድ ስልክ ሲገናኝ ከራውተሩ ጋር የሚለዋወጠውን መልእክት ቀድቶ ይሄድና፣ ግምቱን በራሱ ኮምፒውተር ያካሂዳል። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ ካለው 100 ሚሊዮኑን በደቂቃዎች ይጨርሳል። የሚያውቅዎት ጎረቤት ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልገውም፤ ቁጥርዎ ስልኩ ላይ አለ።

የዋይፋይ ፓስወርድ ከ8 እስከ 63 ሆሄ ይቀበላል። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ ለምሳሌ በሶ፣ ጃንጥላ፣ ሐሙስ፣ ሙቀጫ፣ ድልድይ። ለእንግዳ በቃል ለመንገር ይቀላል፣ በግምት ለማግኘት ግን እጅግ ይከብዳል። ይህንኑ ምሳሌ ግን አይቅዱ፤ የራስዎን ያውጡ።

በዋየርለሱ ገጽ «ሴኩሪቲ» የሚለውን፣ ማለትም የዋይፋዩን የምስጠራ ዓይነት፣ ደብልዩፒኤ3 (WPA3) ያድርጉት፤ ከሌለ ወይም የቆየ ስልክ እምቢ ካለ ደብልዩፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር (WPA2-AES) ይበቃል። ደብልዩኢፒ (WEP) የሚለው የድሮ ምስጠራ ከ2001 ጀምሮ ተሰብሯል፤ ጨርሶ አይምረጡት። ደብልዩፒኤስ (WPS) የሚባለውን፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውንም ያጥፉ። ባለ ስምንት አሃዙ ፒን በሁለት ተከፍሎ ስለሚፈተሽ ቢበዛ 11,000 ሙከራ እንደሚበቃው በ2011 ይፋ ሆኗል።

«5 ጊጋኸርዝ ሁልጊዜ ይሻላል»

2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋዩ የሚሄድባቸው ሁለት የሞገድ ክልሎች (ባንዶች) ናቸው። ራውተሩ ባለበት ክፍል፣ አዎ፣ 5 ይሻላል። ከሁለት ግድግዳ በኋላ ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ግድግዳ አልፎ ይደርሳል። ከሞባይል 5ጂ ጋር ደግሞ ዝምድና የለውም።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የ2.4 ችግሩ መጨናነቅ ነው። ባንዱ ቻናል በሚባሉ ቁጥር በተሰጣቸው ክፍሎች ይከፈላል፤ በዚህ ባንድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። «3 ላይ ማንም የለም» ብሎ 3ን የሚመርጥ ሰው ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል። የቻናል ስፋቱን ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ ማድረግም በተጨናነቀ ሕንጻ ውስጥ የተሻለ ነው፤ ሰፊው በወረቀት ላይ ፈጣን ቢሆንም የጎረቤቶችን ረብሻ ይሰበስባል።

«አንቴናውን ወደ መኝታ ቤት አዙረው»

የተለመደው ዘንግ አንቴና ሞገዱን የሚበትነው በጎኑ ዙሪያውን ነው፤ በጫፉ በኩል ደካማ ነው። ወደ መኝታ ቤቱ ያነጣጠሩት ጫፍ በጣም ትንሹን ይልካል። ቤቱ አንድ ወለል ከሆነ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ከአንቴናው በላይ የሚጠቅመው ግን ቦታው ነው፦ ከቡፌ ውስጥና ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጥተው፣ ከፍሪጅ አርቀው፣ ከፍ ብሎ ወደ ቤቱ መሃል። የፌሮ ኮንክሪት ሞገዱን ክፉኛ ያዳክማል፤ በቆርቆሮ የተሠራ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ዋይፋዩ የማይገባውም ብረቱ ስለሚመልሰው ነው።

«ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ታዲያ ለምን ይዘገያል?»

ስልኩ ላይ ያለው ምልክት የሚነግርዎ በስልኩና በራውተሩ መካከል ያለውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ቢቋረጥም ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይቀጥላል። በተጨማሪም ፓኬጁ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ሲያወርዱ የሚያዩት ግን ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ ባለ 10 ሜጋ ቢት ደንበኛ በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ቢያገኝ ሙሉ ድርሻው ነው።

ጥፋቱ የት እንዳለ ለመለየት ላፕቶፕ በኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙ፣ ሌሎቹን ሁሉ ያላቅቁ፣ ፍጥነቱን ይለኩ። በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከዘገየ ሥራው የእርስዎ ነው፤ ቦታውን፣ ቻናሉንና ባንዱን ያስተካክሉ። በኬብልም ከዘገየ ውጤቱን ከነሰዓቱ ይያዙና አገልግሎት ሰጪው ጋር ይደውሉ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ላይ።