የመቋቋሚያ ነጥብ ከፍ ማለቱ ለምን መጥፎ ዜና ነው?

በወረርሽኝ ጊዜ ስለ ድሃ ቤተሰቦች በሚወጡ ሪፖርቶች ላይ «የመቋቋሚያ ስልት ነጥብ» የሚባል ቁጥር ይገኛል። ነጥቡ ከፍ ሲል ቤተሰቡ ችግሩን በደንብ እየተቋቋመ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ችግሩ ብሷል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ባለፉት 7 ቀናት ምግብ ወይም መግዣ ገንዘብ ሲያጥር ምን እንዳደረገ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ርካሽና ብዙም የማይወዱትን መብላት፣ የሚቀርበውን መጠን ማሳነስ፣ በቀን የሚበሉበትን ጊዜ መቀነስ ለእያንዳንዱ ቀን 1 ነጥብ አላቸው። ምግብ መበደር ወይም የዘመድ እጅ ማየት 2 ነው። ልጆች እንዲበሉ አዋቂዎች ከራሳቸው ሲቀንሱ ደግሞ 3። ይህ ትልቁን ክብደት መያዙ ተገቢ ነው፤ እናት ጦሟን ማደር ከጀመረች ሌላው መላ እያለቀ ነው።

ቤተሰቡ ሳምንቱን ሙሉ ርካሽ ምግብ ቢበላና አዋቂዎቹ 4 ቀን ከራሳቸው ቢቀንሱ፣ 7 ሲደመር 12፣ 19 ይሆናል። ጣሪያው 56 ነው።

እንደ ኮሮና ባለ ወረርሽኝ ግን ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። እንቅስቃሴ ሲገደብ የቀን ሥራ ይቆማል። አበዳሪ የነበረው ጎረቤትም ባዶ እጁን ይቀራል። ያኔ የመበደር ነጥቡ የሚወርደው የሚሰጥ ሰው ስለጠፋ ሊሆን ይችላል። የሥራ መሣሪያ መሸጥም እዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ በሌላ ጥያቄ ነው የሚጠናው። ስለዚህ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ልጆቿን ያበላች ሴት ለዚያ ሳምንት ዝቅተኛ ነጥብ ልታገኝ ትችላለች።