«ማልት ደም ይሞላል» እና መሰል አመለካከቶች፦ እውነታው

በሐዋሳ በሥነ ምግብ አማካሪነት ስሠራ ከምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ሁሉ «ማልት ደም ይሞላል» የሚለውን ያህል የሚያሳዝነኝና የሚያሰለቸኝ የለም። አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ማልት በካርቶን ይዞ ይሄዳል፤ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የማልት ጠርሙስ ይደረደራል፤ ደም ማነስ አለብሽ የተባለች ነፍሰ ጡር ደግሞ የታዘዘላትን ኪኒን ትታ ጠዋትና ማታ ማልት እንድትጠጣ ከዘመድ ሁሉ ትመከራለች። ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ፤ ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። ጎጂ ምግብ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ቅቤንና እንቁላልን ነው፤ እኔ በየቀኑ የማየው ጉዳት ግን በብዛት የሚመጣው ጤና ይሰጣሉ ተብለው በጠርሙስና በብርጭቆ ከሚቀርቡ ጣፋጭ መጠጦች ነው።

ማልት የሚሠራው ከብቅል ነው። ገብሱ በቅሎ ሲዘጋጅ በውስጡ ያለው ስታርች ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይለወጣል፤ ብዙ አምራቾች ደግሞ በዚያ ላይ ተጨማሪ ስኳር ያክሉበታል። ጥቁር መልኩ የሚገኘው ከተቆላ ብቅል ወይም ከካራሜል ነው፤ ደም ከሚሠራው የብረት ማዕድን ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። አንዳንዶቹ ቪታሚን ቢ ይጨመርባቸዋል፤ ይሁን እንጂ በነፍሰ ጡሮች ላይ ዘወትር የምናየው የደም ማነስ በአብዛኛው ከብረት እጥረት የሚመጣ ስለሆነ በዚህ አይድንም። ከጠርሙሱ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይበጃል። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር የሚል ከሆነ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጣሳ 33 ግራም አለው ማለት ነው፤ ይህም ከ8 የሻይ ማንኪያ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት በመጠጥና በምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር ከቀኑ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው ይህ 50 እና 25 ግራም ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ጣሳ ብቻውን የተሻለውን ወሰን አልፎ ይሄዳል፤ ሻዩ፣ ብስኩቱና ጁሱ ገና አልተቆጠረም።

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት የአይረን (የብረት) ኪኒኑ ሆዷን ስላደረቀባት ለማንም ሳትናገር አቁማው በማልት ተክታው ነበር። ስትመጣ የደም ማነስ የሚለካበት ሂሞግሎቢኗ በእርግዝና ጊዜ ከሚፈለገው 11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ወርዶ ነበር፤ ክብደቷ ግን ከሚገባው በላይ ጨምሯል። ኪኒኑን ማታ ከምግብ በኋላ በውኃ እንድትወስድ፣ ምስርና ጎመን ከጤፍ እንጀራ ጋር እንድትበላ፣ ሎሚ እንድትጨምርበት ወይም ብርቱካን እንድታስከትል፣ ሻይና ቡናን ደግሞ ከምግቡ ቢያንስ በ1 ሰዓት እንድታርቅ ተስማማን። ሎሚና ብርቱካን ውስጥ ያለው ቪታሚን ሲ ሰውነት ከእህልና ከቅጠል የሚያገኘውን ብረት በተሻለ እንዲመጥ ያግዛል፤ ሻይና ቡና ግን ይከለክሉታል። ይህን ለጎረቤቶቿም በቅን ልብ እንድትነግር ለመንኳት፤ ምክንያቱም ማልቱን ያመጡላት እነርሱ ነበሩ። ኪኒን የማይስማማው ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ የሚወሰድበት ሰዓትም ሆነ ዓይነቱ ሊለወጥ ይችላል። ማልት ወተት ያመጣል የሚለውም እንዲሁ ስሕተት ነው። የጡት ወተት የሚጨምረው ሕፃኑ ቶሎ ቶሎና በትክክል ሲጠባ ነው፤ እናትየውም ጥሟን የሚቆርጥላት ውኃ፣ አጥሚትና የተመጣጠነ ምግብ ካገኘች ጣፋጭ መጠጥ አያስፈልጋትም።

የማልቱ ታናሽ ወንድም ጁስ ነው። አንድ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባት «ለስላሳ ካቆምኩ ቆየሁ እኮ ልጄ፣ አሁን የምጠጣው ፍራፍሬ ብቻ ነው» ብለውኝ ነበር። «ጋሼ፣ ፍራፍሬውን ይበሉታል ወይስ ይጠጡታል?» ብዬ ስጠይቃቸው ከሥራ ሲወጡ ፒያሳ አካባቢ ካለ ጁስ ቤት በየቀኑ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ እንደሚጠጡ ነገሩኝ። በዚያ ብርጭቆ ውስጥ ማንጎው፣ ፓፓያውና አቮካዶው ከነስኳሩ ይፈጫል፤ ከላዩም ብዙ ጊዜ ቪምቶ ይንቆረቆርበታል። አንድ ሰው በአንዴ ተቀምጦ 4 ብርቱካን መብላት ይከብደዋል፤ የ4ቱን ጭማቂ ግን በ2 ደቂቃ ይጠጣል፣ ቃጫውም በማጥለያው ላይ ይቀራል። በዚህ ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት የፍራፍሬ ጭማቂን ስኳር ከሚጨመር ስኳር ጋር አብሮ ይቆጥረዋል። እኝህ አባት ስፕሪሱን ትተው ፍራፍሬውን ቆርጠው በመጠኑ ሲበሉ የስኳራቸው ልክ ወደ ታች መጣ፤ መድኃኒታቸው ሳይጨመር ነው ይህ የሆነው።

የአቮካዶን ስም ማጥፋት አልፈልግም። ከይርጋለምና ከአካባቢው የሚመጣልን አቮካዶ ቃጫ ያለው፣ ስቡም በአብዛኛው ለልብ ተስማሚ የሆነ ግሩም ፍሬ ነው፤ በሎሚና በትንሽ ጨው በማንኪያ ይበላ። ጁስ ቤት የሚገባ ሰውም ስኳር እንዳይጨመርበት መንገር ያለበት ከመፈጨቱ በፊት ነው።

«ማር ስኳር አይደለም» የሚሉኝም አሉ። ማር ከክብደቱ ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ስኳር ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ እንደ ስኳር ይቁጠረው። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ቦቱሊዝም የተባለ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥ።

ከጥሬ ሥጋ በኋላ ለስላሳ ምግብ ይፈጫል የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ጋዙ ያስገሳል እንጂ አይፈጭም፣ ቃር ያለበትንም ያባብስበታል።

«ይህ ዘይት ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ሰው እንዳሻው እንዲጨምር አድርጓል። ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ውስጥ ስለሆነ የትኛውም የአትክልት ዘይት ይህን ያህል ኮሌስትሮል የለውም፤ ጽሑፉ ዘይቱን ከሌላው ዘይት አይለየውም። መታየት ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከስቡ ግማሽ ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርግ ስብ ሲሆን በሱፍ ዘይት ውስጥ ግን ይህ ዓይነቱ ስብ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የሱፉ ይመረጣል ማለት ግን ያለ ልክ ይፈስሳል ማለት አይደለም። የትኛውም ዘይት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ በጾም ወቅት ክብደት የሚጨምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ምክንያቱን የሚያገኙት በፍርፍሩ፣ በሳምቡሳውና በድንች ጥብሱ ዘይት ውስጥ ነው። ዓሣም ቢሆን ቀላል የሚባለው በአበሳሰሉ ነው። ደጋግሞ በተጠቀሙበት ጥቁር ዘይት ውስጥ ተጠልቆ የወጣ ሙሉ ጥብስ እንደ ዓሣ ሾርባ ወይም እንደ ዓሣ ወጥ አይቆጠርም።

እንቁላልን በተመለከተ ጤነኛ ሰው በቀን አንድ ቢበላ የሚያሰጋው ነገር የለም። እንጀራ ትቶ ነጭ የፉርኖ ዳቦ መብላት አያከሳም፤ ጤፉ በቃጫም በብረትም ይበልጠዋል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ የሚጠነቀቀው በርበሬን ሳይሆን በበርበሬውና በወጡ ውስጥ ያለውን ጨው ነው፤ የቀኑ ጨው ከ5 ግራም በታች ይሁን።

በከተማችን ብቻ አጥብቄ የምናገረው አንድ ነገር ቀርቷል። በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ለሚመጣ እንግዳ ጥሬ ዓሣ ሲቀርብ «ቪታሚኑ ሳይጠፋ ነው የሚበላው፣ ሎሚውና ዳጣው ተባዩን ይገድለዋል» ይባላል። አይገድለውም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ውስጥ ኮንትራሴከም የሚባል የክብ ትል እጭ በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ዓሣው የሚጸዳበት ውኃና ጣውላ የሚያመጣው ጀርም ደግሞ ለብቻው ነው። የዓሣ ፕሮቲን በመቀቀል አይጠፋም፤ ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ ድረስ ይብሰል። ለብለብ የተባለውም ውስጡ ጥሬ ከሆነ ከጥሬው አይለይም። ጥሬ ዓሣ ወይም ጥሬ ሥጋ አዘውትሮ የሚበላና የሆድ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ የማይለቀው ሰው የሰገራ ምርመራ ያድርግ። ኮሶ ትል ከተገኘበትም በልማድ የሚጠጣውን ኮሶ በግምት ከመውሰድ ይቆጠብ፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳልና ሐኪም በሚያዝዘው መድኃኒት ይታከም።