ኢኤቢአይ ምንድን ነው? አሮጌውና አዲሱ የአርም ውል

ደብረ ብርሃን፣ ጣት በሚያደነዝዝ የጥቅምት ብርድ፣ ከአንድ ወዳጄ ጋር የቆየ ፕሮግራሙን አዲስ ሊኑክስ በተጫነበት የአርም ቦርድ (አርም የተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ያለው ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ልናስነሳ ተቀምጠናል። ተርሚናሉ "እንዲህ ያለ ፋይል የለም" ይለናል። ፋይሉ ግን ይኸው፣ ስሙም መጠኑም ይታያል። አንድ ሰዓት ሙሉ የፊደል ግድፈት ስንፈልግ ቆየን። ለካ የጠፋው ፕሮግራሙ ሳይሆን ወደ ሜሞሪ የሚያስገባው ሎደር ኖሯል፤ አሮጌው ፕሮግራም ስሙ በ2 የሚያልቀውን ይጠራል፣ አዲሱ ሲስተም ያለው ደግሞ በ3 የሚያልቀው ነው።

ኤቢአይ ማለት ኮምፓይል የተደረጉ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎሙ) ፕሮግራሞች እርስ በርስና ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ ጋር የሚግባቡበት ውል ነው፦ የትኛው ቁጥር የትኛው ሬጅስተር (ቺፑ ውስጥ ያለ ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ ይቀመጥ፣ ዳታው ሜሞሪ ላይ እንዴት ይደርደር። ባለ32 ቢት አርም ላይ የቀድሞው ኦኤቢአይ፣ የአሁኑ ኢኤቢአይ ይባላል።

ወፍጮ ቤት ገብስ ይዘው ሲሄዱ ባለወፍጮው "ለበሶ ነው ለእንጀራ?" ብሎ ይጠይቃል። በአሮጌው ውል መልሱ ጆንያው ውስጥ እንደተቀበረ ወረቀት ነው። ፕሮግራሙ ከርነሉን አገልግሎት ሲጠይቅ የአገልግሎቱ ቁጥር ከትእዛዙ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ፣ ከርነሉ ትእዛዙን ከሜሞሪ እንደገና ማንበብ አለበት። በአዲሱ ቁጥሩ ሬጅስተር 7 ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ፈንክሽኖች (የፕሮግራሙ ንዑስ ክፍሎች) የሚጠራሩበት መንገድም በሁለቱ ውሎች ይለያያል። አንድ ፈንክሽን መጀመሪያ ባለ32 ቢት ቁጥር፣ ቀጥሎ ባለ64 ቢት ቁጥር ቢቀበል፣ አሮጌው ሁለተኛውን ሬጅስተር 1 እና 2 ላይ ያደርገዋል፤ አዲሱ 1ን ዘሎ 2 እና 3 ላይ። በሁለቱ ውሎች የተሠሩ ክፍሎችን ልናጣምር ብንል ሊንከሩ (የፕሮግራም ክፍሎችን የሚያገጣጥመው) "አላገናኝም" ይላል፣ ደግ ያደርጋል። እኔን የሚያስፈራኝ ማንም የማይቆጣጠረው ነው፦ አንድ ፊደል ብቻ የያዘ ስትራክት (በአንድ ስም የታሰረ ዳታ) በአሮጌው 4 ባይት፣ በአዲሱ 1 ባይት ይይዛል። በአሮጌው ተጽፎ የተቀመጠ የዳታ ፋይል በአዲሱ ሲነበብ ሁሉም ነገር ቦታውን ይስታል፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

ብዙዎችን ያሻገራቸው ግን የአስርዮሽ ሂሳብ ነው። አሮጌው ውል አብዛኞቹ ቺፖች ያልነበራቸውን ኤፍፒኤ የተባለ የሂሳብ ክፍል እንዳለ ይቆጥራል። ቺፑ ትእዛዙን "አላውቀውም" ባለ ቁጥር ከርነሉ እያስመሰለ ይሠራለታል፤ ቀርፋፋነቱ አይጣል ነው። ኢኤቢአይ ስሌቱን ከርነሉን ሳያስቸግር በላይብረሪ (ተዘጋጅቶ በተቀመጠ የፈንክሽኖች ስብስብ) ወይም ቪኤፍፒ በተባለው አዲሱ የሂሳብ ክፍል ይጨርሰዋል።

ሊኑክስ ኢኤቢአይን የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2006፣ በ2.6.16 ከርነል ነው። ከሊኑክስ ስርጭቶች አንዱ የሆነው ዴቢያን በ2009 አስገባው፣ በ2011 አሮጌውን ተወው። ከርነሉን ኦኤቢአይንም እንዲቀበል አድርጎ መገንባት ይቻላል፤ የድሮዎቹን ላይብረሪዎች ግን ከየትም ፈልጎ ማምጣት ነው።

እኛ እንደገና ኮምፓይል ማድረጉን መረጥን። ሶርስ ኮዱ ያለው ግን ወዳጄ አዲስ አበባ ትቶት በመጣው ላፕቶፕ ላይ ነበር።